ከመጫን በፊት፦ የገበያ ዋጋን በሳጥን ግራፍ ማየት

የሁለት ገበያዎች መካከለኛ ዋጋ እኩል ቢሆንም ትርፋቸው እኩል ላይሆን ይችላል። ልዩነቱን ለማየት የእያንዳንዱ ሽያጭ መዝገብ የግድ አያስፈልግም። ዝቅተኛው ዋጋ፣ የታችኛው ሩብ፣ መካከለኛው፣ የላይኛው ሩብ እና ከፍተኛው ዋጋ ይበቃሉ።

ለምሳሌ የፍየል ዋጋ በአንደኛው ገበያ 6,000፣ 7,000፣ 8,000፣ 9,000 እና 10,000 ብር፣ በሁለተኛው 4,000፣ 5,500፣ 8,000፣ 10,500 እና 12,000 ብር ነው እንበል። አንድ ፍየል ከነማጓጓዣው 6,500 ብር ከፈጀ፣ በአንደኛው ገበያ ከአራት ሽያጭ ሦስቱ ቢያንስ 500 ብር ያተርፋሉ። በሁለተኛው ግን ከአራት አንዱ 1,000 ብርና ከዚያ በላይ ያከስራል።

ግራፉን በፓይተን ለመሥራት የማትፕሎትሊብ «ቦክስፕሎት» ትእዛዝ ጥሬውን የሽያጭ ዝርዝር ይጠይቃል። በእጅ ያለው ማጠቃለያ ብቻ ከሆነ ትክክለኛው ትእዛዝ «ቢኤክስፒ» ነው፤ የየገበያው አምስት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው በስማቸው ይሰጡታል። ከሌሎቹ ርቀው የወጡ ዋጋዎችን የሚያሳየው «ሾውፍላየርስ» መዘጋት አለበት፤ አለዚያ ፕሮግራሙ ያልተሰጠውን ዝርዝር ፈልጎ ይቆማል።

በግራፉ ላይ ሳጥኑ የመሃሉን ግማሽ ሽያጭ ይይዛል፤ በውስጡ ያለው መስመር መካከለኛው ዋጋ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚወጡት መስመሮች ከፍተኛውና ዝቅተኛው ዋጋ ላይ ያበቃሉ።

ሳጥኑ ስንት እንስሳ እንደተሸጠ አይናገርም። እንደ ሞያሌ ብርና የኬንያ ሽልንግ በሚገናኙበት ቦታ ደግሞ ዋጋዎቹ አስቀድመው ወደ አንድ ገንዘብ ይመንዘሩ፤ የእንስሳው ዓይነት፣ ዕድሜና የገበያው ሳምንትም አንድ ይሁን።