ለበግ መንጋ የተሠራ ተንጠልጣይ ድልድይ

ነጭ ዓባይ በጁባ ከተማ አጠገብ ሲያልፍ ሰፊና ጸጥ ያለ መስሎ ይታያል፤ ከብቱን ወደ ማዶ ሊያሻግር የሚሻ አርቢ ግን በዚህ ጸጥታ አይታለልም። ከከተማይቱ በስተ ሰሜን በተረከካ አካባቢ የሚኖሩት መንዳሪዎች፣ ከዚያም ወዲያ በረግረጉ አገር ያሉት ዲንቃና ኑዌር፣ መንጋቸውን ከአንዱ ግጦሽ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ብዙውን ጊዜ በዋና ነው። እረኛው በታንኳ ሆኖ ወይም ራሱ እየዋኘ መሪውን በሬ ይስባል፤ የቀረው ከብት ቀንዱንና አፍንጫውን ብቻ ከውሃ በላይ አድርጎ ይከተላል። በዚህ መካከል ጥጃ ይደክማል፤ አዞም ድርሻውን ይጠብቃል። በግና ፍየልማ ለእንዲህ ያለው ዋና ዐቅም ስለሚያንሳቸው ታንኳ ካልተገኘላቸው ከወዲያኛው ዳር መቅረታቸው ነው።

ይህ ሲባል በጁባ ድልድይ የለም ማለት አይደለም። በ1970ዎቹ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተተከለው የብረት ድልድይ ለረጅም ዘመን ከኡጋንዳ ጠረፍ ከኒሙሌ በ192 ኪሎ ሜትር መንገድ የሚመጣውን የከተማይቱን ስንቅ ሲያሳልፍ ኖሯል። በ2022 ደግሞ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው፣ 560 ሜትር ርዝመት ያለው የነጻነት ድልድይ ተከፍቷል። ነገር ግን ሁለቱም የታሰቡት ለመኪና ነው። መንጋ በእነርሱ ላይ ቢያልፍ እንኳ በጥሩምባና በሞተር ጩኸት መካከል የሚሄድ እንግዳ ነው። መሐንዲስ ድልድይ ሲያቅድ የከባድ መኪናን ክብደት አስቀድሞ ይጠይቃል፤ የበግን ፍርሀት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህን የጠየቁ ሰዎች በሩቅ አገር ተገኝተዋል። በሰሜን አሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት፣ በቬርዴ ወንዝ ላይ፣ መኪና የማያልፍበትና ስለ በግ ተብሎ የታሰበ ተንጠልጣይ ድልድይ በ1943 ተጀምሮ በ1944 ተፈጸመ። ያሠራው መንግሥት ሳይሆን የፍላግስታፍ የበግ ኩባንያ ነበር። ዘመኑ የዓለም ጦርነት ስለ ነበረ ብረት እንደ ልብ አይገኝም፤ ስፍራውም ከከተማ የራቀ በረሓ ስለ ነበረ ሥራው በአብዛኛው በሰው እጅና በቀላል መሣሪያ ተከናወነ። አንድ የንግድ ኩባንያ በእንዲህ ያለ ጊዜ ገንዘቡን በድልድይ ላይ ማዋሉ ወንዙ ምን ያህል ያስከፍለው እንደ ነበረ ያስረዳል።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። የአሪዞና በግ አርቢዎች የብርዱን ወራት በደቡቡ ሞቃት ቆላ አሳልፈው፣ ፀሐይ ስትበረታ መንጋቸውን ወደ ሰሜኑ ደጋ ይነዳሉ። መንጋው ለጉዞ የሚነሣበት ወራት ደግሞ በተራሮቹ ላይ የተከማቸው በረዶ ቀልጦ ወንዙን የሚሞላበት ወራት ነው። በዚያን ጊዜ ግልገሎቹ ገና ለጋ ናቸው፤ ያልተሸለተ በግም ውሃ ውስጥ ሲገባ ጠጕሩ ውሃውን መጥጦ እንደ ድንጋይ ይከብደዋል። አንዱ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲመለስ መንጋው ሁሉ ይከተለዋል፤ በጥልቁ ውሃ ላይ እርስ በርሱ ተጨናንቆ ይሰጥማል። ውሃው እስኪጎድል እንጠብቅ ቢባል ደግሞ የቆላው ሣር ይደርቃል።

የድልድዩ አሠራር ለማስተዋል የማያስቸግር ነው። በወንዙ ዳርና ዳር ዓምዶች ይቆማሉ፤ በዓምዶቹ ራስ ላይ ወፍራም የብረት ገመዶች ያልፋሉ፤ የገመዶቹም ጫፍ ከዓምዶቹ በስተ ኋላ በመሬት ውስጥ ጸንቶ ይታሰራል። ከነዚህ ገመዶች በቀጫጭን ማንጠልጠያዎች የሚወርደው የሳንቃ ወለል መንጋውን ይሸከማል። በውሃው ውስጥ አንድም ምሰሶ ስለሌለ ደራሽ ውሃ የሚመታው ነገር አያገኝም። የቬርዴው ድልድይ ከዓምድ እስከ ዓምድ 145 ሜትር ያህል፣ ከነመዳረሻው 210 ሜትር ያህል ሲሆን ወርዱ ግን 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር።

ይህን ጥበት ያየ ሰው ንፍገት ይመስለው ይሆናል፤ ለበግ ግን የሚበጀው ይኸው ነው። በግ የፊተኛውን ጭራ እያየ የሚሄድ እንስሳ ነው፤ መንገዱ ከሰፋ ዞሮ ለመመለስ ቦታ ያገኛል፤ ከጠበበ ግን ወደ ፊት ከመሄድ በቀር አሳብ አይመጣለትም። ደግሞም መንጋው በቀጭን መስመር ሲያልፍ ሸክሙ በገመዱ ላይ ይበታተናል፤ አርቢውም በጎቹን አንድ በአንድ ለመቍጠር ይመቸዋል። እርግጥ ይህ ልክ ለሁሉ ከብት አይሆንም። ጭነቱ በግራና በቀኝ የወጣ አህያ በ90 ሳንቲ ሜትር መንገድ ላይ ይጣበቃል፤ ቀንዱ እንደ በገና ግራና ቀኝ የተዘረጋው የመንዳሪ በሬማ ገና ከመግቢያው ይቆማል።

ለጁባስ እንዲህ ያለ ድልድይ ለምን አልተሠራም ቢባል መልሱ በመሬቱ አቀማመጥ ላይ ነው። ተንጠልጣይ ድልድይ የሚወደው ጠባብ ሸለቆ፣ ከፍ ያለ ዳርና ገመድ የሚታሰርበት ጽኑ አለት ነው፤ በጁባ ግን ወንዙ ሰፊ፣ ዳሩ ዝቅተኛ ነው፤ ጀልባዎችም ከሥር ማለፍ አለባቸው። ይህ ሁሉ ተሟልቶ የሚገኘው በሌላኛው ዓባይ፣ በጥቁር ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ነው።

በጎጃምና በበጌምድር መካከል፣ ከሞጣ ከተማ በስተ ሰሜን፣ ሰባራ ድልድይ የሚባለው የድንጋይ ግንብ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ተሠራ። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከተቈረጠ በኋላ የሁለቱ አገር ሕዝብ በፈረሰው ክፍል ላይ በገመድ እየተሳበ ይሻገር ጀመር። በዚህና በዚያ ወገን የቆሙ ሰዎች ገመዱን ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው በወገቡ ታስሮ ከገደሉ በላይ ተንጠልጥሎ ይሳባል። በ2001 ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ይህን የሚያሳይ ሥዕል በመጽሔት ላይ አይቶ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ማኅበር አቋቋመ፤ በ2002ም የተሰበረው ክፍል በብረት ተጠገነ። ይሁን እንጂ በ2005 የመጣው ያልተለመደ ሙላት ጥገናውን ጠርጎ ወሰደው። ከዚህ በኋላ፣ በ2009፣ በወንዙ ቍልቍል በብረት ገመድ የተንጠለጠለ አዲስ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። የድንጋዩ ግንብ ከውሃው ጋር ይታገል ነበር፤ ገመዱ ግን ከውሃው በላይ ሆኖ ያሳልፈዋል።

ለበግ አርቢ የዚህ ነገር ጥቅም በቀን መቍጠሪያ ላይ ይታያል። ዓባይ የሚሞላው በክረምት ነው፤ በግ በጥሩ ዋጋ የሚሸጠው ደግሞ ለእንቍጣጣሽና ለመስቀል ነው፤ በመስከረም መባቻ ውሃው ገና አልጎደለም። ስለዚህ ሙክት አስብቶ የቆየ ገበሬ፣ ገበያው በማዶ ከሆነና ድልድይ ከሌለው፣ ወይ ከዚህኛው ዳር ላለ ነጋዴ በርካሽ ይሸጣል፤ ወይ መኪና ወደሚያልፍበት ድልድይ ለብዙ ቀን ይነዳል፤ ያን ጊዜም ወራት የተደከመበት ሥጋ በመንገድ ላይ ይቀራል። ከዋጋው ሌላ የዘርም ነገር አለ። በጎጃም ወገን ቁመተ ረጅሙና ቶሎ የሚያድገው የዋሸራ በግ፣ በደቡብ ጎንደር ወገን ደግሞ የፋርጣ በግ ይረባሉ። ለመንጋው ማሻሻያ የሚሆን አውራ በግ ከማዶ ማምጣት የሚቻለው መሻገሪያ ሲኖር ነው።

እንዲህ ያሉ ድልድዮች ሰውን፣ በቅሎንና ፍየልን በማሻገር ረገድ ዓለም ብዙ ልምድ ያገኘው በኔፓል ተራሮች ነው፤ በዚያ አገር በሺህ የሚቈጠሩ አሉ። ዋጋቸው ከመኪና ድልድይ እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ አሸዋና ድንጋይ ማቅረቡና ጕድጓድ መቈፈሩ በአገሬው ጕልበት የሚሠራ ነው። ይሁን እንጂ ጥበቃ ይሻሉ። ገመዱን የሚይዙት ብሎኖች ይላላሉ፤ ሳንቃው ይበሰብሳል፤ በገመዱ መታሰሪያ ላይ የሚከማች አፈርና እርጥበት ብረቱን ያዝገዋል። የቬርዴውም ድልድይ በ1978 በታሪካዊ ቅርስነት ቢመዘገብም ከእርጅናው የተነሣ ስለሚያሰጋ በ1980ዎቹ መጨረሻ ፈርሶ በምትኩ ሌላ ተሠራ። ዛሬ በአዲሱ የሚያልፉት እግረኞች ናቸው፤ ከአሮጌው የቀረው የምዕራቡ ዓምድ ነው። ስለዚህ ሠኔ ሳይገባ ብሎኖቹን ማጥበቅ፣ የላላውን ሳንቃ መለወጥና መታሰሪያውን መጥረግ የሁለቱም ዳር ገበሬዎች ሥራ ሊሆን ይገባል።

በተንጠልጣይ ድልድይ ላይ ሄዶ የማያውቅ መንጋ በመጀመሪያው ቀን አይገፋም። በግ በሳንቃው ቀዳዳ የሚፈሰውን ውሃ ቍልቍል ካየ ይቆማልና ክፍተቱ በሣር ወይም በአፈር ይሸፈናል፤ ጎንና ጎኑም እስከ በጉ ራስ ድረስ በጭራሮ ወይም በሽቦ ይታጠራል። ከዚያ እረኛው ጥቂት ጨው በእጁ ይዞ የለመደችውን እናት በግ አስቀድሞ ይሻገራል፤ ግልገሎች ከእናቶቻቸው አይለዩም፤ ውሻውና ዱላው ከመንጋው በስተ ኋላ፣ ከድልድዩ መግቢያ ወዲህ ይቀራሉ። የፊተኛዎቹ በማዶ ሆነው ሲጮኹ የኋለኛዎቹ ራሳቸው ይከተላሉ። ወለሉ መወዛወዝ ከጀመረ እረኛው በመግቢያው የቀሩትን ያቆማል፤ የገቡት ወጥተው ሲያልቁና ሳንቃው ጸጥ ሲል ቀጣዮቹ ይለቀቃሉ።