ይቅርታ የማይደረግለት ሰው ይገደል ማለት ነው?

ሳሪስ አቦ አካባቢ የምትኖር አያቴ በቀይ ሽብር ጊዜ ወንድሟ ከቤት ተጠርቶ እንደወጣ አልተመለሰም። መቃብሩም እስከ ዛሬ አይታወቅም። ታዲያ ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ «እማዬ፣ የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ፍርድ ሲቀርላቸው ምን ተሰማሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። መልሷን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ሕጉን እንይ።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች «ይቅርታ» እና «ምሕረት» የሚሉትን ቃላት እያቀላቀልን ስንጽፍ እንታያለን። አንድ አይደሉም እኮ! ይቅርታ የተፈረደበትን ሰው ቅጣት ያስቀራል ወይም ያቀላል። ምሕረት ግን ክሱንም ፍርዱንም ይሰርዛል፤ ገና ላልተከሰሰ ሰውም ሊሰጥ ይችላል።

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 71 መሠረት ፕሬዚዳንቱ በሕግ በተወሰነው ሥርዓት ይቅርታ ያደርጋል። ይሁን እንጂ አንቀጽ 28 በሩን ይዘጋበታል። የዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን አስገድዶ መሰወርና የመሳሰሉት ወንጀሎች በይርጋ አይታገዱም፤ በይቅርታም በምሕረትም አይታለፉም። የቀረችው ቀዳዳ አንዲት ብቻ ናት። በእነዚህ ወንጀሎች ሞት የተፈረደበትን ሰው ቅጣት ርዕሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ሊያወርደው ይችላል።

ይህች ቀዳዳ በተግባር ታይታለች። የደርግ ባለሥልጣናት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ፤ በጥር ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2000 ዓ.ም. በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያምና በሌሎች ላይ የሞት ቅጣት ወሰነ። ኮሎኔሉ ዚምባብዌ ስለነበሩ ፍርዱ በሌሉበት ነው። የሃይማኖት አባቶች ለታሰሩት ይቅርታ እንዲደረግ ጠየቁ። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስም በግንቦት 2003 ዓ.ም. የ23ቱን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ። ሃያ ዓመት ታስረው ስለነበር ብዙዎቹ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአመክሮ ወጡ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ወንጀለኛነታቸው አልተሰረዘም፤ የቀረው መገደላቸው ነው።

ጥሩ ነው ብለን እዚህ ላይ እናቁም? እኔ አይመስለኝም። በወንጀል ሕጋችን ርዕሰ ብሔሩ ያላጸደቀው የሞት ፍርድ አይፈጸምም። በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የደኅንነት ኃላፊ የነበሩትን አቶ ክንፈ ገብረመድኅንን በ1993 ዓ.ም. የገደለ መኮንን ግን በሞት ተቀጥቷል። ያኔም ፕሬዚዳንቱ አቶ ግርማ ነበሩ። በአንድ ሰው ዘመን አንዱ ተገደለ፣ ሃያ ሦስቱ ተረፉ። የሰው ሕይወት በአንድ ፊርማ ላይ ከተንጠለጠለ ነገ የሚፈርመው ማን እንደሚሆን በምን እናውቃለን? ከዚያ ወዲህ ተፈጸመ የተባለ የሞት ቅጣት ባይሰማም ቅጣቱ ዛሬም በሕጋችን ውስጥ አለ። ስለዚህ ቅጣቱን ማስቀረት ያለበት የፕሬዚዳንት ደግነት ሳይሆን ሕጉ ራሱ ነው።

«ያለ ፍርድ ስልሳ ባለሥልጣናትን በኅዳር 1967 የረሸኑ ሰዎች እንዴት ይራራላቸዋል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ከባድ ነው፤ የሚጠይቀውም ሰው ቁስል አለበት። ነገር ግን ያ ድርጊት ያንገፈገፈን መንግሥት ሰውን ሲገድል ስላየን አይደለም እንዴ?

አያቴ ለጥያቄዬ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና እንዲህ አለችኝ፦ «ምን ይሰማኛል ልጄ? እኔ ሞታቸውን አልፈለግኩም። ወንድሜን የት እንደጣሉት አንዳቸው ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። የሞተ ሰው ምን ይናገራል?»