ማረሻችሁ ለምን ይሰበራል?

ለዘር ስትደርሱ ማረሻ ቢሰበርባችሁ ምን ትላላችሁ? አንዱ «ዕድሌ ነው» ይላል። ሌላው «ቀጥቃጩ ቡዳ ነው፣ እሱ ነው ያሰበረው» ይላል። ሁለቱም መልስ አይደለም። መልሱ ያለው ትምህርት ውስጥ ነው። የብረታ ብረትና የቁሳቁስ ምህንድስና ይባላል። በአገራችን ለምሳሌ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቁሳቁስን የሚያጠና የትምህርት ክፍል አለ።

ተማሪው መጀመሪያ የሚማረው ብረት ሁሉ አንድ አለመሆኑን ነው። ብረት ውስጥ ካርቦን አለ። ካርቦን ከሰልን ከሰል ያደረገው ነገር ነው። ለብረት ካርቦን እንደ ወጥ ጨው ነው። ካነሰ ብረቱ ይለሰልሳል፤ ማረሻው ቶሎ ያልቃል። ከ100 እጅ ግማሽ እጅ ወይም ትንሽ በለጥ ሲል እንደ መኪና ባሌስትራ ጠንካራ ይሆናል። 3 እጅ ሲደርስ ደግሞ በቀላሉ ቀልጦ ይፈሳል፤ ነገር ግን በመዶሻ ሲመቱት ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ትምህርት እሳትና ውሃ ነው። ቀጥቃጩ ከባሌስትራ የሠራውን ማረሻ አግሎ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ይጠነክራል። ግን እንደ ሸክላ ይሆናል፤ ድንጋይ ሲነካው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ስለዚህ ለዘብ ባለ እሳት እንደገና መሞቅ አለበት። የተወለወለ ብረት በ220 ዲግሪ ገደማ የጭድ ቀለም ያወጣል። በ300 ገደማ ሰማያዊ ይሆናል። ያን ጊዜ ጥንካሬው ትንሽ ቢቀንስም ቶሎ አይሰበርም።

ሦስተኛው አቅልጦ ማፍሰስ ነው። ካርቦን የበዛበት ብረት በ1,200 ዲግሪ ገደማ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ይፈሳል። አሸዋው እርጥበት ከበዛበት እንፋሎቱ ብረቱን ያቦረቡረዋል። ብረቱ ሲቀዘቅዝም ይኮማተራል፤ በ1 ሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል። ስለዚህ ቅርጹ በዚያው ልክ ሰፋ ይላል። አያችሁ? ሂሳብ ያልተማረ ልኩን የጠበቀ የፓምፕ አካል አያወጣም።

ማፍሰስ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ገደማ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተዋል። 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

ታዲያ እኛ የብረት ባለሙያውን ምን አልነው? «ጠይብ፣ ቡዳ» ብለን ሰደብነው። አብረነው አልበላንም፤ ልጃችንን አልዳርንለትም። ማረሻችንን ግን ከእጁ ተቀበልን! ልጁም በስድብ ምክንያት ትምህርቱን ትቶ ወጣ። ወናፍ ሲነፋ ያደገ ልጅ ለዚህ ሙያ ከማን ያንሳል? ከ12ኛ ክፍል በኋላ የምህንድስና ትምህርት 5 ዓመት ይፈጃል። እዚያ እንዲደርስ መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ተከብሮ መቀመጥ አለበት።

እንግዲህ ወደ ቀጥቃጩ ሂዱ። «ማረሻውን ከነከርክ በኋላ መልሰህ ታሞቀዋለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህንንም ጽሑፍ አንብቡለት። እናንተ ከእጁ ትማራላችሁ፤ እሱም ከንባባችሁ።