ክርስቲያናዊ ምክር፦ ዲግሪው ሌላ፣ ፈቃዱ ሌላ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ባሉ አማርኛ ተናጋሪ አብያተ ክርስቲያናት የተጣሉ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናኑ፣ ከወላጆቹ ጋር የተኳረፈ ወጣት ሲያገኙ ቁጭ ብለው የሚያዳምጡ አገልጋዮች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ውለው አድረው «ይህን ሥራ ተምሬ ለምን ሙያዬ አላደርገውም?» ይላሉ። «ክርስቲያን ካውንስሊንግ» የሚል ማስተርስ ይፈልጋሉ፣ ያገኛሉ፣ ይመዘገባሉ። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። በዚህ ስም ከሚሰጡ ዲግሪዎች ወደ መንግሥት የሙያ ፈቃድ የሚያደርሱ አሉ፤ ጨርሶ የማያደርሱም አሉ። ልዩነቱን ከተመረቁ በኋላ ማወቅ ደግሞ በገንዘብም በዕድሜም ያስከፍላል።

ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ በፊት መመረጥ ያለበት ፈቃዱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለአማካሪዎች አንድ አገር አቀፍ ፈቃድ የለም። እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ሕግና በራሱ ቦርድ ይሰጣል። ቀዳሚዋ ቨርጂኒያ ሕጉን ያወጣችው በ1976 ሲሆን የመጨረሻዋ ካሊፎርኒያ በ2009 ነው። የማዕረጉ ስምም እንደ ስቴቱ ይለያያል። ቨርጂኒያ ላይ ኤል ፒ ሲ የሚባለው ሜሪላንድ ሲደርስ ኤል ሲ ፒ ሲ ይሆናል፤ ሲያትል ለሚኖር ሰው ደግሞ ኤል ኤም ኤች ሲ ነው። በጋብቻና በቤተሰብ ላይ የሚያተኩረው ኤል ኤም ኤፍ ቲ ራሱን የቻለ ሌላ ፈቃድ ነው። እዚህ የቨርጂኒያን ሕግ ይዤ እቀጥላለሁ፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ስቴት ነውና።

ቨርጂኒያ «የክርስቲያን አማካሪ» የሚባል የተለየ ፈቃድ አትሰጥም። ፈቃዱ ለአማኝም ለማያምንም አንድ ነው። የግል ማኅበራት የሚሰጧቸው የክርስቲያን አማካሪነት ምስክር ወረቀቶች አሉ፤ አንዳንዶቹም ላይ «ላይሰንስድ» የሚል ቃል ይታያል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዋጋ ሊኖራቸው ይችላል፤ ቦርዱ ዘንድ ግን በፈቃድ አይቆጠሩም።

ይህ ግራ መጋባት ከየት መጣ? ከአሜሪካ ወንጌላውያን መካከል ስለ ምክር ሁለት የተለያዩ አስተሳሰቦች ስላሉ ነው። በ1970 ጄይ አዳምስ የተባሉ መጋቢ ባሳተሙት መጽሐፍ የምክር ሥራ የቤተ ክርስቲያን እንደሆነ፣ ለዚህም ዋናው መሣሪያ መጽሐፍ ቅዱስ እንደሆነ ተከራከሩ፤ የዘመኑን ሥነ ልቦናም አጥብቀው ነቀፉ። «መጽሐፍ ቅዱሳዊ ምክር» የሚባለው እንቅስቃሴ በአብዛኛው ከዚያ የተነሣ ነው። ሉዊቪል የሚገኘው የደቡብ ባፕቲስቶች ሴሚናሪም በ2005 የምክር ትምህርቱን ወደዚህ መንገድ አዞረ። በሌላ በኩል በካሊፎርኒያ የሚገኘው ፉለር ሴሚናሪ በ1960ዎቹ የሥነ ልቦና ትምህርት ቤት ከፍቶ ነገረ መለኮትንና ሳይንሱን ጎን ለጎን ማስተማር ጀመረ። ወደ መንግሥት ፈቃድ የሚወስዱት ክርስቲያናዊ ፕሮግራሞች በአብዛኛው ይህን ሁለተኛውን መንገድ የተከተሉት ናቸው።

የመጀመሪያውን መንገድ አላጣጥልም። መጋቢ ሆኖ በራሱ ምእመናን መካከል ለሚያገለግል ሰው ሊበቃው ይችላል። የቨርጂኒያ ሕግም ቀሳውስትና መጋቢዎች በመንፈሳዊ ሥራቸው ወሰን ውስጥ እስካሉና ለምክሩ የተለየ ክፍያ እስካልጠየቁ ድረስ ፈቃድ አውጡ አይላቸውም። ቢሮ ከፍቶ ለማስከፈል፣ በኢንሹራንስ ለመሥራት፣ ክሊኒክ ውስጥ ለመቀጠር የሚፈልግ ግን ሌላውን መንገድ መያዝ አለበት።

ያ መንገድ የሚጀምረው በ60 ክሬዲት ማስተርስ ነው። ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ ብንቆጥር ሃያ ኮርስ መሆኑ ነው፤ በሙሉ ጊዜ ለሚማር ሰው ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ እየሠራ ለሚማር ይረዝማል። የመጀመሪያ ዲግሪው በሥነ ልቦና እንዲሆን ብዙ ትምህርት ቤቶች አያስገድዱም። ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡት ዲግሪ ግን በማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት በኩል ማለፍ ይኖርበታል።

በዚህ ሙያ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው እውቅና ሰጪ ካክሬፕ ይባላል፤ የተቋቋመው በ1981 ነው። ሁሉም ስቴት የእርሱን እውቅና በግድ አይጠይቅም፤ ሆኖም ከስቴት ወደ ስቴት ለሚዘዋወር ሰው ከዚህ የተሻለ ዋስትና አላውቅም። ቨርጂኒያ ውስጥ ሪጀንትና ሊበርቲ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ኮሎራዶ ላይ ዴንቨር ሴሚናሪ ይህ እውቅና ያላቸው ክርስቲያናዊ ፕሮግራሞች አሏቸው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ እውቅናው የሚሰጠው ለፕሮግራሙ እንጂ ለዩኒቨርሲቲው በጅምላ አይደለም። በአንዱ ግቢ ውስጥ ክሊኒካል ሜንታል ኸልዝ ካውንስሊንግ ለፈቃድ ሲያበቃ ከጎኑ ያለው የመጋቢያዊ ምክር ማስተርስ ላያበቃ ይችላል። በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ግን ሁለቱ ተቀራርበው ነው የሚታዩት።

ትምህርቱ የሰውን ዕድገት፣ የምክር ስልቶችን፣ የቡድን ምክርን፣ ምርመራና ምዘናን፣ ሥነ ምግባርን፣ የባህል ልዩነትን፣ ምርምርን ይዳስሳል። ክርስቲያናዊ ትምህርት ቤቶች በዚህ ላይ የነገረ መለኮት ኮርሶች ይጨምራሉ። ሰውን የሚለውጠው ግን ተግባራዊው ክፍል ነው። በካክሬፕ መመዘኛ ተማሪው መጀመሪያ 100 ሰዓት ፕራክቲከም ይሠራል፤ ከዚህ ውስጥ 40 ሰዓቱ ከባለጉዳይ ጋር ፊት ለፊት ነው። ቀጥሎ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ አለ፤ 240ው ከባለጉዳይ ጋር ይሆናል።

እዚህ ላይ ምን እንደሚደረግ ላሳይ። ተማሪዋ በባለጉዳይዋ ፈቃድ ውይይቱን በቪዲዮ ትቀርጻለች፣ ከዚያ ከሱፐርቫይዘሯ ጋር ሆና ታየዋለች። ቪዲዮው ላይ አንዲት እናት «እጸልያለሁ፣ ግን ሌሊት እንቅልፍ የለኝም» ትላለች እንበል። ተማሪዋ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት በለመደችው ርኅራኄ «አይዞሽ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብላ ፈጥና ትመልሳለች። ሱፐርቫይዘሯ ቪዲዮውን ታቆማለች። «ከዚህ በኋላ ሴትየዋ ስለ እንቅልፏ ምን አለች?» ምንም አላለችም፤ ወደ ሌላ ጉዳይ ተሻገረች። ስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ ስንት ወር እንደሆናት፣ መኖር አስጠልቷት እንደሆነ የሚጠየቅበት በር በማጽናኛው ተዘጋ። እምነቷም ቃሏም ስህተት አልነበረም፤ ቸኮለች እንጂ። በደግነት የሚያገለግሉ ወገኖቻችን በዚህ ሥልጠና ከሁሉ በላይ የሚያተርፉት ይህን ይመስለኛል፤ ከማጽናናት በፊት እስከ መጨረሻው መስማት።

ከተመረቁ በኋላ ወዲያው ፈቃድ አይገኝም። ቨርጂኒያ ውስጥ ተመራቂው በቦርዱ ተመዝግቦ «ሬዚደንት» ይሆናል፤ በሱፐርቫይዘር ሥር 3,400 ሰዓት ይሠራል፤ ከዚህ 2,000ው ከባለጉዳይ ጋር ነው፣ 200 ሰዓት ደግሞ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር። በሳምንት ሃያ ሰው የሚያይ ሬዚደንት በዓመት ሃምሳ ሳምንት ቢሠራ ሁለቱን ሺህ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ያስፈልገዋል። በዚህ ጊዜ በራሱ ስም ማስከፈል አይችልም፤ ሬዚደንት መሆኑንና ሱፐርቫይዘሩ ማን እንደሆነ ለባለጉዳዩ በጽሑፍ ማሳወቅም ግዴታው ነው። በየስቴቱ ቁጥሩ ይለያያል፤ ቴክሳስ ለምሳሌ 3,000 ሰዓት ትጠይቃለች።

ፈተናውስ? ሁለት ዓይነት ነው። ኤን ሲ ኢ የሚባለው 200 ጥያቄዎች አሉት፤ ጠቅላላ ዕውቀትን ይመዝናል። ቨርጂኒያ የምትፈልገው ኤን ሲ ኤም ኤች ሲ ኢ ደግሞ የባለጉዳዮችን ታሪክ እያቀረበ ምን ትላለህ፣ ምን ታደርጋለህ እያለ ይጠይቃል። ለዚህኛው ሸምድዶ መግባት ብዙ አይረዳም።

አማርኛ ተናጋሪ አማካሪ ከሁሉ በላይ ሊያስብበት የሚገባው ግን ምስጢር ነው። በእኛ ልማድ የታወከ ትዳር ለሽማግሌዎች ይቀርባል፤ ሽማግሌዎቹ ይመካከራሉ፣ መጋቢው ወይም የንስሐ አባቱ ይሰማል፣ ዘመድም ይገባበታል። ባለፈቃድ አማካሪ ይህን ማድረግ አይችልም። መጋቢው ደውሎ «እነ እገሌ አንተ ጋ እየመጡ ነው?» ቢለው፣ ባልና ሚስቱ በጽሑፍ ካልፈቀዱ በቀር መምጣታቸውን እንኳ ማረጋገጥ የለበትም። ምስጢሩ የሚከፈትባቸው ሁኔታዎች በሕግ የተወሰኑ ናቸው፤ ለምሳሌ ሕፃን እየተበደለ ነው ብሎ ከጠረጠረ፣ ወይም ባለጉዳዩ ራሱን ወይም ሌላ ሰውን ሊጎዳ የሚችልበት ከባድ አደጋ ካለ። ሌላ ሰው አደጋ ላይ ሲሆን ምስጢሩ እንዲከፈት በር የከፈተው በ1976 የካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታራሶፍ በተባለው ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። አማካሪው እነዚህን ወሰኖች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለባለጉዳዩ መንገር አለበት።

በዚህ ላይ ሁሉም የሚተዋወቅበት ማኅበረሰብ ችግር አለ። ማክሰኞ ስለ ትዳሯ ያለቀሰችው ሴት እሑድ በመዘምራን መካከል ትታያለች። የሙያው ሥነ ምግባር እንዲህ ያለውን ድርብ ግንኙነት በተቻለ መጠን እንዲያስወግድ ያዛል፤ ስለዚህ አማካሪው የራሱን ጉባኤ አባላት ለሌላ ባለሙያ ቢያስተላልፍ ይሻላል። እምነቱን በባለጉዳዩ ላይ መጫንም አይፈቀድለትም። ባለጉዳዩ ራሱ ጸሎት ወይም ቅዱስ ቃል የምክሩ አካል እንዲሆን ከጠየቀና ከተስማሙ ግን ክልክል አይደለም፤ ሰዎች ክርስቲያን አማካሪ የሚፈልጉትም በአብዛኛው ለዚሁ ነው።

ከድካሙ በኋላ ያለው በር እየሰፋ ነው። ከጥር 2024 ጀምሮ ሜዲኬር ለእነዚህ አማካሪዎች መክፈል ጀምሯል፤ ለአረጋውያን ወላጆቻችን ትልቅ ነገር ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች ፈቃዱን ከስቴት ስቴት የሚያሠራ ስምምነት ፈርመዋል።

ለመመዝገብ ያሰባችሁ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የመጀመሪያውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ለትምህርት ቤቱ «ይህ ፕሮግራም እኔ በምኖርበት ስቴት ለፈቃድ የሚጠየቀውን ትምህርት ያሟላል?» ብላችሁ ጻፉ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የፌዴራል የትምህርት ደንብ ከ2020 ጀምሮ ወደ ፈቃድ ያደርሳሉ ተብለው የሚቀርቡ ፕሮግራሞች ይህን በየስቴቱ ለይተው እንዲያሳውቁ ያስገድዳልና መልስ የማግኘት መብት አላችሁ። ያንኑ ጥያቄ ለስቴታችሁ ቦርድም ላኩ። ሁለቱ መልሶች ካልተስማሙ የቦርዱን እመኑ።