ቅዳሜና እሁድ በቃል ኪዳን ቤተሰብ ቤት



ዘንድሮ አዲስ የገባችሁ ተማሪዎች በቅርቡ ከቃል ኪዳን ቤተሰቦቻችሁ ጋር ትገናኛላችሁ። ሰሞኑን ከሶላት በኋላ ብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ነገር ጠይቃችሁኛል። «ቤተሰቡ ክርስቲያን ከሆነስ? ምግቡስ? ሶላቱስ? ቅዳሜና እሁድ ሰው ቤት ሄጄ ምን እሠራለሁ?» ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከመመለስ የማውቀውን እዚህ ብጽፈው ይሻላል ብያለሁ።

የማያውቅ ካለ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቃል ኪዳን ቤተሰብ ፕሮጀክት የተጀመረው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከሩቅ ተመድቦ የመጣን ተማሪ ፈቃደኛ ከሆነ የከተማው ነዋሪ ጋር ያገናኛል። ተማሪው ዶርሙን አይለቅም። ቤተሰቡ ግን እንደ ልጁ ያየዋል፣ ሲታመም ይጠይቀዋል፣ በዓልና ቅዳሜና እሁድ ሲሆን ይጠራዋል። ያ ዓመት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነስቶ ተማሪዎች የሞቱበት ዓመት ነበር።

እኔ የመጣሁት ከቢቸና ነው። ምደባዬ ጎንደር መሆኑን ስትሰማ እናቴ ዝም አለች። ፍርሃቷ ከመሬት አልተነሳም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. እኛው አካባቢ፣ ሞጣ ላይ፣ መስጊዶች ተቃጥለዋል፣ የሙስሊሞች ሱቆችም ተዘርፈዋል። ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ጎንደር ከቀብር ላይ በተነሳ ግጭት ወንድሞቻችን ሞተዋል። ስለዚህ ስትሸኘኝ «የማታውቀው ሰው ቤት እንዳትገባ» አለችኝ።

አያቴ ግን ሌላ ነገር ነገሩኝ። «የሰው ቤት ስትገባ ሥራ ፈልግ። እስኪሰጡህ አትጠብቅ። የማትበላውን ደግሞ ገና ሳይቀርብ ተናገር» አሉኝ።

የደረሳ ኸሚስና ጁምዓ

አያቴ ይህን የተማሩት በደረሳነት ዘመናቸው ነው። በወጣትነታቸው አባይን ተሻግረው ወሎ ገብተው ቀርተዋል። ያኔ ዒልም የፈለገ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነበር። ዳና፣ ጌታ፣ ጃማ ንጉሥ የሚባሉት የወሎ መሻኢኾች ማዕከሎች ከየአገሩ ደረሳ ይቀበሉ ነበር። ደረሳው ስንቅም ደመወዝም የለውም። የሚያበላው የአካባቢው ገበሬ ነው። ከዚያም የራቁ ነበሩ። ካይሮ በሚገኘው አል አዝሀር ከእኛ አገር ለሚሄዱ ተማሪዎች «ሪዋቁል ጀበርት» የሚባል ማደሪያ ነበረ። የግብፅን ታሪክ የጻፈው ዐብዱረሕማን አል ጀበርቲ ስሙን ያገኘው ከእነዚሁ ሰዎች ወገን ስለሆነ ነው።

መድረሳ የቀራ እንደሚያውቀው የቂርኣት ዕረፍት ኸሚስና ጁምዓ ነው። አያቴ ታዲያ «ከሳምንቱ ሁሉ የምደክመው በዕረፍቱ ቀን ነበር» ይላሉ። ኸሚስ ጠዋት ልብስ ያጥባሉ። ከዚያ ለሸኹም፣ ለሚያስጠጓቸው ገበሬም እንጨት ይለቅማሉ። የመኸር ጊዜ ከሆነ አጨዳ ያግዛሉ። ማታ የቤቱን ልጆች አሊፍ ባ ያስቀራሉ። ጁምዓ ገላቸውን ታጥበው፣ ሱረቱል ከህፍ ቀርተው ወደ መስጊድ ይወርዳሉ። ገበሬው ምንም አልጠየቃቸውም። እሳቸው ግን በነፃ የበሉት እንጀራ እንዳይከብዳቸው ያን ሁሉ ይሠሩ ነበር።

ይህ የባህል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የእንግዳ መስተንግዶ ሦስት ቀን መሆኑን፣ ከዚያ በላይ ያለው ሶደቃ መሆኑን፣ እንግዳውም አስተናጋጁን እስኪያስቸግር ድረስ መቆየት እንደማይፈቀድለት አስተምረዋል። ሐዲሱ ቡኻሪ ውስጥ አለ። ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው እንግዳን የማክበሩን ክፍል ነው። በእንግዳው ላይ ያለውን ግዴታ ግን እንረሳዋለን።

ያበላሸሁት ቅዳሜ

የመጀመሪያ ቅዳሜዬን እኔም ረስቼው ነበር። የቃል ኪዳን እናቴ ዶሮ ወጥ ሠርታ ጠበቀችኝ። አፍሬ ምንም ሳልናገር «ጠግቤያለሁ እማማ» አልኩ። ጎረስ እንድል ለመነችኝ፣ እምቢ አልኩ። ፊቷ ሲጠቁር አየሁ። ቤቷን የተጸየፍኩባት መስሏት ነበር። ሶላቴንም ለመናገር ስለፈራሁ ዐስር እስኪወጣብኝ ተቀምጬ ቀረሁ። በሁለቱም በኩል ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ የአያቴን ምክር አስታውሼ ቀድሜ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀችብኝ። ስደርስ የታሰረ ዶሮ ከነነፍሱ ሰጠችኝና «በል ራስህ ባርከው፣ አዲስ ድስትም ገዝቻለሁ» አለችኝ። ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ቢቸናም ክርስቲያን ጎረቤት ሲደግስ ለሙስሊሞቹ በግ ለይቶ ሰጥቶ ያሳርዳቸዋል። ነገሩ የሚበላሸው ዝም ሲባል ነው። ሁልጊዜ ነጃሺን እናነሳለን። ወደ ነጃሺ የተሰደዱት ሶሓቦች ግን ስለ እምነታቸው ሲጠየቁ አልተድበሰበሱም። ጃዕፈር (ረ.ዐ) ቆሞ በግልጽ ተናገረ፣ ከሱረቱ መርየምም ቀራላቸው። አክባሪ እንግዶች ነበሩ፤ ነገር ግን ራሳቸውን አልደበቁም።

አሁን ቅዳሜና እሁዴ ምን ይመስላል?

ቅዳሜ ከሱብሒ በኋላ ልብሴን አጥቤ አሰጣለሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን እማማን ቅዳሜ ገበያ አገኛትና ዕቃ እሸከማለሁ። ቤት ስንደርስ የአሥረኛ ክፍል ልጇን ሒሳብና ፊዚክስ አስጠናለሁ። ዙህርን እሷ ባዘጋጀችልኝ ጓዳ እሰግዳለሁ። ከሰዓት የተበላሸ ነገር ካለ አያለሁ። አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ምጣዷ የሚሰካበት ሶኬት ጠቁሮ አገኘሁት። እንዲህ ያለ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ነው። እሷ ግን የምትሰካው ለቴሌቪዥን በሚሆን ቀጭን ገመድ ላይ ነበር። ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር አጥፍቼ ገመዱንና ሶኬቱን በወፍራም ቀየርኩ። ክፍል ውስጥ የተማርኩት ነገር ሰው ቤት ሲጠቅም ያየሁት ያኔ ነው። መግሪብ ሳይደርስ ወደ ግቢ እመለሳለሁ።

እሁድ ጠዋት እነሱ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ እኔ የጀመዓችን ደርስ ላይ እገኛለሁ። ከሰዓት ለቡና ብቅ እላለሁ። ማታ አሳይመንት ይጠብቀኛል። አያቴ እንዳሉት ነው፤ የሚያደክመው ዕረፍቱ ነው።

ለእናንተ

ምግብን በተመለከተ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ የምትበሉትንና የማትበሉትን ተናገሩ። የጾማቸው ቀን ከሆነ ደግሞ ሽሮና ምስር ስለሚሠራ ነገሩ ይቀላል። ስለ ዕርዱ ዝርዝር ሑክም ግን እኔን ሳይሆን ዑለማ ጠይቁ።

ሶላትን በተመለከተ፣ ሰዓቱን አስቀድማችሁ አሳውቁ። ቂብላ ፍለጋ አትጨነቁ። ከጎንደር መካ በስተሰሜን ነው፣ ወደ ምሥራቅ 14 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ይላል።

እህቶች፣ መጀመሪያ ከጓደኛችሁ ጋር ሂዱ። ቤት ውስጥ ወንድ ብቻ ካለ አትግቡ፣ ሳይመሽም ወደ ዶርም ተመለሱ። ይህንንም ለቤተሰቡ በግልጽ ንገሩ። ሴት ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ይገባዋል።

«ክርስቲያን ቤት መግባት ይቻላል ወይ?» ለሚለው፣ አላህ በሱረቱል ሙምተሒና አንቀጽ 8 በሃይማኖታችን ምክንያት ላልተዋጉንና ከቤታችን ላላወጡን ሰዎች በጎ መዋልንና ፍትሐዊ መሆንን እንዳልከለከለን ነግሮናል።

በ1668 እ.ኤ.አ.፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በዚህችው ጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወስኖ ነበር። የዛሬው አዲስ ዓለም የዚያ ዘመን የሙስሊሞች ሰፈር ነው። የሞጣንም፣ የጎንደርንም ሐዘን አልረሳንም፣ እንድትረሱትም አልልም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ መሃል ለእኔ ብላ ድስት የገዛች እናት አለች። እሷ ስለ ሙስሊም የምታውቀው ነገር ግማሹ ከእኔ ያየችው ነው። ይህ አማና ነው።

ባለፈው ክረምት ቢቸና ስመለስ እማማ ለእናቴ በሶ አስይዛኝ ነበር። እናቴ ቀምሳው «መቼ ነው ቢቸና የምታመጣት?» አለችኝ። ኢንሻአላህ ስመረቅ አብረው ይቀመጣሉ።

አላህ እንግድነታችንን ያሳምርልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።