የኦሞ ጊቤ እርሻ የነገ ውኃው ስንት ነው?

አዌቱ ጅማን አቋርጦ ወደ ግልገል ጊቤ፣ ግልገል ጊቤም ወደ ታላቁ ጊቤ የሚወርድ፣ ይህም ከጎጀብ ጋር ከተገናኘ በኋላ ኦሞ ተሰኝቶ ቱርካና ሐይቅ የሚደርስ በመሆኑ፣ በጅማ የመንደራ ቆጪ ቀበሌ ነዋሪ በበጋ ለጓሮ ጎመኑ የሚቀዳው ውኃ የግሉ ቢመስለውም፣ 79,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሰፋው ተፋሰስ ሒሳብ ውስጥ የሚገባ ነው።

ይህ ሒሳብ የእርሻ ውኃ ፍላጎት ትንበያ ይባላል፤ መነሻውም ትነት ነው። በሜትሮሎጂ ጣቢያ ቅጥር ውስጥ፣ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ወርዱ 120 ጥልቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ክብ የብረት ገንዳ ይቀመጣል፤ ታዛቢውም በየማለዳው ጎንበስ ብሎ ውኃው ከትናንቱ ልክ ስንት ሚሊ ሜትር እንደጎደለ ይመዘግባል፤ ዘንቦ ያደረ እንደሆነ የዝናቡን መጠን ያስብለታል። ገንዳ በሌለበት፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ቀመር መሠረት፣ ከፀሐይ፣ ከነፋስ፣ ከሙቀትና ከአየር እርጥበት ይሰላል። የተገኘው ልክ፣ የገንዳ ከሆነ ለገንዳው ከተስተካከለ በኋላ፣ በሰብሉ ጠባይ መለኪያ ይባዛል፤ ለቡና 0.95፣ ሙሉ ዕድገት ላይ ለደረሰ ሸንኮራ አገዳ 1.25 ያህል ነው። ከዚህ ላይ ለሥር የሚደርሰው ዝናብ ሲቀነስ፣ የሚቀረው የወንዙ ዕዳ ነው።

በታችኛው ኦሞ ለኩራዝ ስኳር ልማት መጀመሪያ 175,000፣ ኋላም 100,000 ሄክታር ታስቧል። ዝናብ በሌለበት ቀን ትነቱን 5 ሚሊ ሜትር ብንል፣ አገዳው 6.25 ይጠይቃል፤ ይኸውም ለአንድ ሄክታር 62.5 ሜትር ኩብ፣ ለ100,000 ሄክታር በየዕለቱ 6,250,000 ሜትር ኩብ ነው። በየቦዩ ግማሹ ቢባክን፣ ከወንዙ የሚጠለፈው እጥፍ ይሆናል።

የባሕረ ሐሳብ ሊቅ መጥቅዕና አበቅቴን ይዞ ከምዕት ዓመት በኋላ የሚውለውን ፋሲካ ሳይስት ይናገራል፤ የውኃው ተንባይ ግን ከሰማዩ ይልቅ የሚያስቸግረው ሰው ነው፤ ገበሬው ለከርሞ ምን እንደሚተክል በየትኛውም ሰንጠረዥ አልተጻፈምና። የጅማ አካባቢ ቡና በዝናብ ስለሚያድግ ወንዙን እምብዛም አያስቸግርም። ሆኖም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ክረምቱ አልፎ ወንዙ መጉደል ሲጀምር፣ እሸት ቡና ተፈልፍሎ፣ በገንዳ ተብላልቶ፣ በቦይ ይታጠባል። (የእጥበቱ ውኃ አብዛኛው ተመልሶ ወንዝ ይገባል፤ ከነቆሻሻው መሆኑ ራሱን የቻለ ክርክር ነው።) ከጥር እስከ መጋቢት ደግሞ ተራው የጫቱና የአትክልቱ ነው፤ በየወንዙ ዳር የተተከለው ፓምፕም ያለ ዕረፍት ይስባል።

ስለዚህ በዓመት ድምር የሚነገር ትንበያ አሳች ነው፤ የክረምቱ ሙላት የየካቲትን ጉድለት ይሸፍነዋልና። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ ሦስት ግድብ የክረምቱን ውኃ አጠራቅሞ ለበጋ ቢያሳልፍም፣ 90 በመቶ ያህል ውኃውን ከኦሞ የሚያገኘው ቱርካና፣ እንዲሁም አገዳውና ተርባይኑ በአንድነት የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። የላይኞቹ ጥቃቅን ፓምፖች ያልተቆጠሩበት አኃዝ፣ የቱንም ያህል በረቀቀ ቀመር ቢወጣ፣ ሊታመን አይገባም፤ የየወረዳው የመስኖ ባለሙያዎችም ቆጠራውን በየካቲት ወር፣ ወንዙ በቀጠነበት ሰዓት ሊያካሂዱት ይገባል።