ስለ አይጥና ስለ ርኅራኄ

ልጆች ሆይ፥ አይጥ ትንሽ እንስሳ ናት፤ ነገር ግን ከሰው ቤት በገባች ጊዜ ጥፋቷ ብዙ ነው። በጓዳ ያለውን እህል ትበላለች፥ ልብስ ትቀዳድዳለች፥ መጽሐፍም ትቆረጣጥማለች። የተረፈውን እህል ደግሞ በሽንቷና በኵሷ ታበላሸዋለች። ከዚህም በላይ በሽታ ታመጣለች። በቀድሞ ዘመን ብዙ ሕዝብ የፈጀው ቸነፈር በአይጥ ቁንጫ እንደሚተላለፍ፥ ፖል ሉዊ ሲሞን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1898 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስረድቷል። ስለዚህ አይጥን ከቤት ማስወጣት ተገቢ ሥራ ነው። ነገር ግን እንዴት አድርገን እንደምናስወጣት ማሰብ ይገባናል።

አስቀድመን ጠባይዋን እንወቅ። የአይጥ የፊት ጥርሶች ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ፤ ስለዚህ ሳትቆረጥም መኖር አትችልም። ሳጥናችንን የምትቆረጥመው እኛን ጠልታ አይደለም። ትንሿ አይጥ የእርሳስ ውፍረት ባላት ቀዳዳ ታልፋለች። በፀነሰች በሦስት ሳምንት ያህል ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ትወልዳለች፤ በዓመትም ብዙ ጊዜ ትወልዳለች። እንግዲህ ምግብና ቀዳዳ ካለ፥ ዛሬ አንዲቱን ብንገድል ነገ ሌላይቱ በስፍራዋ ትተካለች።

በአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለውን ንፋስ ስልክ ላፍቶን እንመልከት። በዚያ አቅራቢያ ጎተራ የሚባል ሰፈር አለ፤ ጎተራ ማለት የእህል ማኖሪያ ማለት ነው። እህል ባለበት ሁሉ አይጥ ትከተላለች። በጭቃና በጭድ የተሠራውን አሮጌ ቤት ግድግዳውን ትበሳለች፤ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከልም ሌሊቱን ስትሮጥ ትሰማለች። እንደ ጀሞ ባሉ ስፍራዎች በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ፎቆችም ቢሆን፥ ቆሻሻ ከተከማቸ ወይም የፍሳሽ ቧንቧ ከተሰበረ አይጥ መግቢያ አታጣም። ቤት አዲስ ስለ ሆነ ብቻ ከአይጥ አይድንም፤ ንጹሕ ሲሆን ግን ይድናል።

ብዙ ሰዎች አይጥ ባዩ ጊዜ ወደ መርዝ ይሮጣሉ። መርዝ ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም። ሕፃን ከመሬት አንሥቶ ይበላዋል፤ ዶሮም ትለቅመዋለች። ከመርዙም አንዳንዱ አይጧን ውስጥ ለውስጥ እያደማ በብዙ ቀን ይገድላታል። እርሷን የበላች ድመት ወይም ጉጉት ደግሞ ትመረዛለች። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንደ ተባለ፥ ጥፋት የሌለበት ይቀጣል ማለት ነው። በሙጫ መያዝም ክፉ ነው፤ አይጧ በሕይወቷ ተጣብቃ ረጅም ሰዓት ትጨነቃለች። አንዳንድ ልጆች የተያዘችውን አይጥ በጅራቷ አስረው ይጫወቱባታል። ይህ ጨዋታ አይደለም፤ ጭካኔ ነው።

መልካሙ መንገድ ይህ ነው። መጀመሪያ ምግቡን እንከልክላት። እህሉና ዱቄቱ ክዳን ባለው በርሜል ወይም ጣሳ ይኑር፤ የመሶቡ ፍርፋሪ ማታውኑ ይጠረግ፤ ቆሻሻም ከቤት ይራቅ። ሁለተኛ ቀዳዳውን እንፈልግ። በቀዳዳው ውስጥ የተጨማደደ ወረቀት እንወትፍ። ወረቀቱ ጥቂት ቀን ሳይነካ ከቆየ አይጧ ወጥታለች ማለት ነው፤ ያን ጊዜ በሽቦና በሲሚንቶ እንድፈነው። ይህን ሳናጣራ ብንደፍን ግን፥ ዓይናቸው ያልተገለጠ ጠጉርም ያላበቀሉ ልጆቿ በውስጥ በረኃብ ያልቃሉ። ድመት አይጥን ታባርራለች፤ ነገር ግን ቀዳዳ አትደፍንም።

ወጥመድ ካስፈለገ፥ በሕይወቷ የሚይዛት የሽቦ ሣጥን ሲሆን ጧትና ማታ ይታይ፤ በውስጡ ተረስታ በጥማት አትሙት። ወደማታውቀው ሩቅ ስፍራ የተጣለች አይጥም ብዙ ጊዜ አትተርፍም፤ ስለዚህ ቀዳዳን አስቀድሞ መድፈን ከሁሉ የተሻለ ርኅራኄ ነው። መግደል ግድ ቢሆን፥ ትልቅ ሰው በጠንካራ ወጥመድ ሳያሠቃይ በአንድ ጊዜ ይፈጽመው። የአይጥ ኵስም ደረቁን አይጠረግ፤ አቧራው ከትንፋሽ ጋር ይገባልና። መስኮቱን ከፍተን በረኪና ባለበት ውኃ ካራስነው በኋላ በጨርቅ እንጥረገው፤ እጃችንንም በሳሙና እንታጠብ።

አይጥ ከንቱ ፍጥረት አትምሰለን። የባሌ ተራራ ቀይ ቀበሮ የሚኖረው አይጥንና ፍልፈልን እየበላ ነው። ማጋዋ የተባለ በታንዛኒያ የተወለደ ትልቅ አይጥ ደግሞ፥ በካምቦዲያ ምድር የተቀበረ ፈንጂ በማሽተት እንዲያገኝ ተምሮ ነበር። ክብደቱ ቀላል ስለ ሆነ ፈንጂው አይፈነዳበትም ነበር። ስለ ሥራው በ2020 የወርቅ ኒሻን ተሸለመ፤ በ2022 ሞተ። የእርሱ ወገን የሆኑ ሌሎች አይጦችም የሳንባ ነቀርሳን ከአክታ እያሸተቱ እንዲለዩ ተምረዋል።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ቤታችሁን ከአይጥ ጠብቁ፤ ልባችሁንም ከጭካኔ ጠብቁ። ፍርፋሪውን የጣልን እኛ፥ ቀዳዳውንም ሳንደፍን የተውን እኛ ነን። በትንሽ እንስሳ ላይ መጨከንን የለመደ ልጅ፥ ባደገ ጊዜ በደካማ ሰው ላይ መጨከን አይከብደውም። በታናሽ ነገር መራራትን የለመደ ግን ለታላቁም ይራራል።